ለሹፌሩስ ማን ይክፈል?

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በተደረገ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከጥቂት ድግግሞሾች በቀር እንደተነገረ ነው የወጣው።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ለአንዳንዶቻችሁ ብቸኛ የዕረፍት ቀን ነው። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁም ዩኒፎርማችሁን አይቼ አውቄያለሁ። ስለ መንግሥት በጀት ለመስማት ይህን ሰዓት መስጠታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። አክብራችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ያክብርልኝ።

እስቲ እጃችሁን አውጡልኝ። ዛሬ እዚህ በአውቶቡስ ወይም በባቡር የመጣ ማን ነው? ጥሩ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ፣ ራሱ በመኪና ቢመጣም እናቱ፣ ባለቤቱ ወይም ልጁ በአውቶቡስ የሚሄድ? አያችሁ? አዳራሹ በሙሉ ማለት ይቻላል እጁን አወጣ። እንግዲህ የዛሬው ጉዳይ የራሳችን ቤት ጉዳይ ነው።

ኮንግረስ በየአምስት ዓመቱ ገደማ አንድ ትልቅ የትራንስፖርት ሕግ ያወጣል። መንገዱ፣ ድልድዩ፣ አውቶቡሱ፣ ባቡሩ ሁሉ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኘው በዚያ ሕግ ነው። አሁን የምንተዳደርበት ፕሬዝዳንት ባይደን ኖቬምበር 15 ቀን 2021 የፈረሙት ነው። እሱ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ጊዜው ያበቃል። ቀጣዩ ሕግ ሲጻፍ የእኛ ቃል ይኑርበት ነው የምለው።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈላል? ሁለተኛ፣ ለአውቶቡሱ ሹፌር ማን ይከፍላል? እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ታገሱኝ። ሦስተኛ፣ እኛ ምን እናድርግ?

ከገንዘቡ ልጀምር። ቤንዚን ስትቀዱ በእያንዳንዱ ጋሎን 18.4 ሳንቲም ለፌዴራል መንግሥት ትከፍላላችሁ። የስቴቱ ታክስ ሌላ ነው። ይህ 18.4 ሳንቲም ከ1993 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ታክሲና ኡበር የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ አሥር ጋሎን ቀዳችሁ እንበል። 1 ዶላር ከ84 ሳንቲም ወደ ፌዴራል ካዝና ይሄዳል። ከዚያ ውስጥ 1 ዶላር ከ54 ሳንቲም ያህሉ ለመንገድ ነው። ለሕዝብ ትራንስፖርት የሚደርሰው 29 ሳንቲም ገደማ ነው።

ይህን አከፋፈል ማን ወሰነው? ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቀድሞ የፌዴራሉ የቤንዚን ታክስ 4 ሳንቲም ነበር። በፕሬዝዳንት ሬጋን ጊዜ 5 ሳንቲም ሲጨመርበት ድርድር ተደረገ። ከአምስቱ አራቱ ለመንገድና ለድልድይ፣ አንዱ ለሕዝብ ትራንስፖርት ይሁን ተባለ። ሬጋን ሕጉን የፈረሙት ጃንዋሪ 6 ቀን 1983 ነው። እስከ ዛሬ "ሰማንያ ለሃያ" እየተባለ የሚጠራው ክፍፍል ከዚያ ድርድር የተወለደ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኞቻችን እዚህ አገር አልነበርንም። ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም። የከተሞቹ መልክ ተለውጧል፣ የሠራተኛው መልክ ተለውጧል፣ የቤት ኪራዩ ሰውን ከመሀል ከተማ አርቆታል። ክፍፍሉ ግን ከሞላ ጎደል እዚያው ነው።

የ2021ዱ ሕግ ለሕዝብ ትራንስፖርት በአምስት ዓመት እስከ 108 ቢሊዮን ዶላር ፈቅዷል። በታሪክ ትልቁ ነው፤ ያስመሰግናል። ለአውራ ጎዳና የተሰጠው ግን 350 ቢሊዮን ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሌላ ልዩነት አለ። አንድ ስቴት አውራ ጎዳና ሲሠራ ፌዴራል መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ 80 በመቶውን ይሸፍንለታል። ኢንተርስቴት የሚባለው፣ ስቴት ከስቴት የሚያገናኘው መንገድ ከሆነ 90 በመቶ ይደርሳል። አዲስ ትልቅ የባቡር መስመር ሲሆን ግን ከዋናው የባቡር ግንባታ ፈንድ የሚሰጠው ጣሪያው 60 በመቶ ነው፤ በተግባር ግማሽና ከዚያ በታች ነው የሚገኘው። እንግዲህ አንድ የስቴት አስተዳዳሪ ምን ይመርጣል? ከኪሱ አሥር ሳንቲም አውጥቶ ዶላር የሚያገኝበትን ነዋ!

"መንገዱን የሚከፍለው መኪና ነጂው ነው፣ ስለዚህ ገንዘቡ የመንገድ ነው" የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። ይህን በደንብ መመለስ አለብን። ከ2008 ጀምሮ የቤንዚን ታክሱ ለመንገዱ ራሱ አልበቃም። ኮንግረስ ጉድለቱን ከጠቅላላው ግምጃ ቤት እያወጣ ይሞላል። በ2021ዱ ሕግ ብቻ 118 ቢሊዮን ዶላር ተዛውሯል። 90 ቢሊዮኑ ወደ መንገድ ሒሳብ ገባ፣ 28 ቢሊዮኑ ወደ ሕዝብ ትራንስፖርት። ግምጃ ቤቱ የሚሞላው በማን ገንዘብ ነው? ከደመወዛችን በሚቆረጠው ታክስ ጭምር አይደለም እንዴ? መኪና የሌላት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ሆቴል ለማጽዳት የምትሄድ እናት ለአውራ ጎዳናው እየከፈለች ነው። እየከፈለች ነው! ማንም እንዳልከፈለች አድርጎ አይንገራት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ። የመጣሁበት ዋናው ነገር ይህ ነው።

ፌዴራል መንግሥት አውቶቡስ ይገዛል። ለሹፌሩ ግን አይከፍልም። ደግሜ ልበለው፤ አውቶቡሱን ይገዛል፣ ለሹፌሩ አይከፍልም።

አገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ካፒታል በጀትና መደበኛ በጀት የሚባሉትን ታውቃላችሁ። ካፒታሉ ይገነባል፣ ይገዛል። መደበኛው ደመወዝ ይከፍላል፣ ሥራ ያስኬዳል። እዚህም ያው ነው። በ1974፣ በፕሬዝዳንት ፎርድ ጊዜ፣ የፌዴራል ገንዘብ ለሥራ ማስኬጃም እንዲውል ተፈቅዶ ነበር። በ1998 በወጣው ሕግ ግን ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ላላቸው የከተማ አካባቢዎች ይህ ቀረ። ጥቂት አውቶቡስ ላላቸው ትናንሽ ድርጅቶች የተወሰነ ልዩ ፈቃድ አለ። እንደኛ ባለ ትልቅ ከተማ ግን የተለመደው የፌዴራል ዕርዳታ ለግዢ፣ ለግንባታና ለጥገና ነው። የሹፌር ደመወዝ፣ የነዳጅ ወጪ፣ ማታ ላይ አንድ ተጨማሪ ዙር፣ ይህ ሁሉ ከቲኬት ሽያጭ፣ ከስቴትና ከካውንቲ ይፈለጋል።

ግዢ ብቻውን የት እንደሚያደርስ እኛ አበሾች ከማንም በላይ አይተናል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያልተደሰተ ማን ነበር? 41 ባቡር ነበረው። ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ጣቢያው ተሠራ፣ ባቡሩ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረትና በጥገና ችግር ቆሙ። ሕዝቡ ግን ጣቢያው ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሪባን መቁረጥ አንድ ቀን ነው። ማስኬድ የየቀኑ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። ወደዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ ነርሲንግ ሆም የማታ ፈረቃ እሠራ ነበር። ፈረቃዬ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ያልቃል። የመጨረሻው አውቶቡስ ብዙም ሳይቆይ ያልፋል። የምትተካኝ ልጅ ትንሽ ከዘገየች አለቀ። አረጋውያኑን ብቻቸውን ትቶ መውጣት አይቻልም። አንዲት የሳልቫዶር ልጅና አንዲት የሴራሊዮን እናት አብረውኝ ይሠሩ ነበር። አውቶቡሱ ካመለጠን ሦስታችን አዋጥተን ታክሲ እንይዛለን። አንዳንዴ ሹፌሩ አበሻ ይሆንና ፊታችንን አይቶ "እኅቴ፣ ተይው" ይለኛል። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለህ፣ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ጊዜ ግን በአንድ ሌሊት የሁለት ሰዓት ደመወዛችን ለታክሲ ይሄዳል።

አንድ ቀን ፌርማታው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከመጪው ወር ጀምሮ የምሽቱ ጉዞ ይቀራል ይላል። የገረመኝ አውቶቡሶቹ አዲስ መሆናቸው ነው። በቅርቡ የተገዙ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ለዊልቸር የሚሆን መውጫ ያላቸው። አንድ የማውቀውን ሹፌር "አዲስ አውቶቡስ ገዝታችሁ ማታ ለምን ታቆሙታላችሁ?" አልኩት። "እኅቴ፣ አውቶቡሱ የዋሽንግተን ነው፣ የኔ ደመወዝ የካውንቲው ነው" አለኝ። ያኔ አልገባኝም። ሕጉን ካነበብኩ በኋላ ነው ምን እንዳለኝ የገባኝ። ያቺ የሴራሊዮን እናት ሥራዋን ለቀቀች። የቀን ፈረቃ ጠይቃ ስላልተሰጣት ነው የለቀቀችው። ሥራዋን ትወድ ነበር።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ ቅርቡን ልጥቀስ። ዲሴምበር 2023 ላይ የዋሽንግተን ሜትሮ 750 ሚሊዮን ዶላር ጎደለኝ ብሎ አንድ ዕቅድ አወጣ። 10 ጣቢያ ሊዘጋ፣ ባቡሩን ማታ በአራት ሰዓት ሊያቆም፣ ከ135 የአውቶቡስ መስመሮች 67ቱን ሊሰርዝ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ገንዘብ ጨምረው ያ መዓት አለፈ። አለፈ ማለት ዳነ ማለት አይደለም።

ፊላደልፊያ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ የዚያን ከተማ የትራንስፖርት ድርጅት፣ የሴፕታን ሰምታችኋል። ኦገስት 2025 መጨረሻ ላይ 32 የአውቶቡስ መስመሮች ተዘጉ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነበር። ከሳምንታት በኋላ መስመሮቹ ተመለሱ። በምን ገንዘብ? ለካፒታል የተያዘውን እስከ 394 ሚሊዮን ዶላር ለሁለት ዓመት ሥራ ማስኬጃ እንዲያውለው ስቴቱ ፈቅዶለት። ያረጀውን ባቡር የሚያድስበት ገንዘብ ለነዳጅና ለደመወዝ ሄደ ማለት ነው። አትላንታ አጠገብ ያለው ክሌይተን ካውንቲማ በ2010 አውቶቡሱን ጭራሽ ዘጋው። ካውንቲ ሙሉ አንድም አውቶቡስ አጣ። በ2014 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ፣ በራሱ ላይ በእያንዳንዱ ዶላር የአንድ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ጭኖ ነው የአትላንታውን የትራንስፖርት ድርጅት፣ ማርታን ያስገባው።

ስለ አረጋውያኖቻችን አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት፣ አውቶቡስ መጠቀም ለማይችል ሰው ቤቱ ድረስ የሚመጣ ቫን ማዘጋጀት ግዴታ ነው። ግን ግዴታው የት ድረስ ነው? መደበኛው አውቶቡስ ከሚሄድበት መስመር ግራና ቀኝ ሦስት አራተኛ ማይል፣ አውቶቡሱ በሚሠራበት ሰዓት ብቻ። ስለዚህ አንድ መስመር ሲሰረዝ የቫኑም ግዴታ አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን የሚመላለሱ እናቶች አሉን። እነሱ አውቶቡሱ ላይ አይሳፈሩም። አውቶቡሱ ሲቀር ግን እነሱም ይቀራሉ። ይህን ልብ በሉልኝ።

"ፌዴራል መንግሥት ለሥራ ማስኬጃ መክፈል አይችልም" ለሚሉን መልስ አለን። ከፍሎ አሳይቷል! ኮሮና በመጣ ጊዜ፣ በ2020 እና በ2021 በወጡ ሦስት ሕጎች፣ ኮንግረስ 69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለሕዝብ ትራንስፖርት ሰጠ። ለደመወዝም ለነዳጅም እንዲውል ፈቀደ። በዚያ ክፉ ጊዜ ነርሷን፣ የግሮሰሪ ሠራተኛውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ያመላለሰው ያ ገንዘብ ነው። ያኔ "አስፈላጊ ሠራተኞች" ተባልን። ያ ገንዘብ አልቋል። ዛሬስ አስፈላጊ አይደለንም? ነርሲንግ ሆሙ ዛሬ ማታ አይሠራም?

እዚሁ በራችን ላይ ያለውን ፐርፕል ላይን የሚባለውን የባቡር መስመር ተመልከቱ። ከቤተስዳ ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግ አልፎ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል ይዘረጋል። በ2017 ፌዴራል መንግሥት 900 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥ ፈረመ። ጥሩ አደረገ። መስመሩ ሲከፈት በየቀኑ ማን ያስኬደው? ሜሪላንድ ብቻዋን። ሜሪላንድ ገንዘብ ባጠራት ዓመት ምን ሊሆን እንደሚችል አሁን ነግሬያችኋለሁ።

ታክሲ የምትሠሩ ወንድሞቼ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። "አውቶቡሱ ገበያችንን ይወስዳል" ነው ነገሩ። ጭንቀታችሁ ይገባኛል፤ የታክሲውን ገበያ ማን እንደጎዳው ግን እናንተ ታውቃላችሁ፣ አውቶቡሱ አይደለም። መኪና ሳይኖረው በከተማ የሚኖር ሰው ነው ዝናብ ሲዘንብ፣ ሻንጣ ሲይዝ፣ ሲያመው ታክሲ የሚጠራው። አውቶቡሱ ሲጠፋ ያ ሰው እንደምንም መኪና ይገዛል። ያኔ እናንተም ደንበኛ አጣችሁ፣ መንገዱም ተጣበበ። ከመካከላችን የሜትሮ አውቶቡስ የሚያሽከረክሩ ወንድሞችና እኅቶችም አሉ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እነሱ ደመወዝ ነው።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ። ምን እናድርግ?

"እኛ መጤዎች ነን፣ ማን ይሰማናል?" የሚለውን ቃል በጣም እፈራዋለሁ። የምንሳፈርበትን የሜትሮ ባቡር መስመር፣ የሬድ ላይንን ታሪክ ብታውቁ አትሉትም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ባለሥልጣኖች ዋሽንግተንን በአውራ ጎዳና ሊሸነሽኗት አቅደው ነበር። አንደኛው በብሩክላንድና በታኮማ በኩል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፍ ነበር። ቤቶች ሊፈርሱ ነው። ብዙዎቹ የጥቁር ቤተሰቦች ቤቶች ናቸው። ሕዝቡ ተነሳ። ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ ሆነ። የነጮች መንገድ በጥቁሮች ቤት ላይ ሊያልፍ ነው እያሉ ፖስተር ለጠፉ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ስብሰባ ረበሹ፣ ታሰሩ። ሬጂናልድ ቡከር የሚባል የዲሲ ልጅና ሳሚ አቦት የሚባል የታኮማ ፓርክ ሰው ከመሪዎቹ ነበሩ። ሳሚ አቦት በኋላ የታኮማ ፓርክ ከንቲባ ሆኗል። ያ አውራ ጎዳና ቀረ። በ1973 ኮንግረስ ያልተሠራውን ኢንተርስቴት ገንዘብ ወደ ሕዝብ ትራንስፖርት ማዛወር ይቻላል ብሎ ሕግ አወጣ። የሜትሮው ግንባታ ከዚያ ገንዘብ ተጠቅሟል። ዛሬ በብሩክላንድና በታኮማ ጣቢያ ስታልፉ በመስኮት ተመልከቱ። ቤቶቹ እዚያው አሉ።

በሎስ አንጀለስም እንዲሁ ነው። በ1994 የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ማኅበርና አጋሮቹ የከተማውን የትራንስፖርት ድርጅት ከሰሱ። ገንዘቡ ወደ ባቡር እየሄደ የደኸየው ተሳፋሪ በተጨናነቀ አውቶቡስ ይንገላታል ብለው ነው። በ1996 ድርጅቱ ለአሥር ዓመት የሚቆይ የስምምነት ውሳኔ ፈረመ። ቤት ሠራተኞች ናቸው፣ ልብስ ሰፊዎች ናቸው፣ ስፓኒሽና ኮሪያኛ የሚናገሩ ተሳፋሪዎች ናቸው ያን ያደረጉት።

ታዲያ የት እንሂድ? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ አለ። በሴኔቱ ውስጥ የሕዝብ ትራንስፖርትን ክፍል የሚጽፈው የባንክ ኮሚቴው ነው። አዎ፣ የባንክ፣ የቤቶችና የከተማ ጉዳዮች ኮሚቴ። እዚያ ማን ተቀምጧል? የሜሪላንድ ሁለቱም ሴናተሮች፣ ክሪስ ቫን ሆለንና አንጄላ ኦልሶብሩክስ። የቨርጂኒያው ማርክ ዋርነርም እዚያ ናቸው። ሦስቱም የእኛ ናቸው! ከአሌክሳንድሪያ፣ ከአርሊንግተን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችሁ፣ ይህ ዕድል ለብዙ ስቴት አልተሰጠም። የዲሲ ነዋሪዎች ሴናተር የላችሁም፤ ይህ ራሱን የቻለ በደል ነው። ግን የዲሲ ተወካይ ኤሌኖር ሆልምስ ኖርተን በተወካዮች ምክር ቤቱ የትራንስፖርት ኮሚቴ ውስጥ ናቸው፣ ኮሚቴ ውስጥ ደግሞ ድምፅ አላቸው። ጆርጂያ ዘመድ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። የጆርጂያው የምክር ቤት አባል ሃንክ ጆንሰን ለሥራ ማስኬጃ ለአራት ዓመት በየዓመቱ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። እሳቸውን ማበረታታት ያስፈልጋል።

ስትደውሉ ምን ትላላችሁ? አጭር ነው። "አውቶቡስ ተሳፋሪ ነኝ። በአዲሱ የትራንስፖርት ሕግ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርሻ እንዳይቀንስ፣ እንዲጨምር እፈልጋለሁ። ለትልልቅ ከተሞችም ለሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ይፈቀድ። ባቡርና አውቶቡስ እንደ አውራ ጎዳናው እኩል የፌዴራል ድርሻ ያግኙ።" ከዚያ የራሳችሁን ታሪክ ጨምሩ። የትኛው መስመር እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልፍ፣ ሲቀር ምን እንደሚያስከፍላችሁ። ስልኩን የሚያነሳው ወጣት ሠራተኛ ይመዘግበዋል።

ዜጋ ያልሆናችሁም ደውሉ፤ ነዋሪም ተወካይ አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቋችሁ ስምና ዚፕ ኮድ ነው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም የምትሉ እናቶች ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አብራችሁ ደውሉ። ልጁም ይማርበታል። የካፒቶሉ ዋና ስልክ 202-224-3121 ነው። የሴናተሩን ስም ብቻ ተናገሩ፣ ያገናኟችኋል።

ቁጥሩን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ እጠብቃለሁ። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት አለ። ሰኞ በዕረፍት ሰዓታችሁ ደውሉ፤ ለሥራ ባልደረቦቻችሁም አንድ አንድ ውሰዱላቸው። አሁን ማይኩን ለእናንተ እሰጣለሁ። ከኋላ ያሉት እናት ቀድመው እጃቸውን አውጥተዋል፣ ከእሳቸው እንጀምር።